የሚስ ቲድቦል ጉድጓድ

ሚስ ሆነር ቲድቦል በመንደራችን በኔዘርኮት ሠላሳ አንድ ዓመት ስላስተማሩ የግማሹን ሰው ጆሮ ቆንጥጠዋል። ክላይቭ ሄምብሮን ግን ሁለቱንም ጆሮውን። ስለዚህ ክላይቭ ከአባቱ በወረሰው የፖም እርሻ ላይ ዘጠኝ ቤት ልሥራ ብሎ ሲነሳ፣ ከእሳቸው በቀር ማንንም አልፈራም።

እሳቸውም አልራሩለትም። የቤቶቹ ጉዳይ በቀረበበት የመንደር ስብሰባ ቀን ከወንዛችን ከኦርል የቀዱትን ውሃ በጃም ጠርሙስ ይዘው አዳራሹ ገቡ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ ፀጉር የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል።

“ክላይቭ ሄምብሮ፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ውሃ ነው፣ ሚስ።”

“ትጠጣዋለህ?”

“ኧረ አልጠጣም፣ ሚስ።”

“ዓሣዎቹስ ምን ምርጫ አላቸው?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሽንት ቤትና ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣ ፍሳሽ ፎስፈረስ አለበት። ፎስፈረስ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ነው፤ ወንዝ ሲገባ ግን የሚያፋፋው አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የውሃ ተክል ነው፣ አልጌውም ዓሣውን አየር ያሳጣዋል። ስለዚህ አውራጃው፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ቤቶቹ የሚጨምሩትን ያህል ፎስፈረስ ከሌላ ቦታ ካልቀነሰ ፈቃድ አይሰጥም። ክላይቭ ደግሞ ከየት እንደሚቀንስ ጨንቆታል።

“ውሃው ይመርመር!” አሉ ሚስ ቲድቦል። “ቦታዎቹን እኔ ራሴ እመርጣለሁ።” ስድስት ቦታ መረጡ። ስድስተኛው ከራሳቸው ጓሮ ሥር ነበር። “ንጹሕ ውሃ ምን እንደሚመስል እንድታዩት ነው” አሉን።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ፖስታው ሕዝብ ፊት ካልተከፈተ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ የመንደሩ ምክር ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ማንበቡ እኔ ላይ ወደቀ። አንደኛው፣ ደህና። ሁለተኛው፣ ደህና። ክላይቭ እርሻ ሥር፣ በጣም ደህና። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ምላሴ ተሳሰረ።

“ምን ያንተባትብሃል፣ ሌስተር? ጮክ ብለህ አንብብ!”

“የሌሎቹ ሰባት እጥፍ ነው፣ ሚስ።”

 ከዚያ ላም አርቢው ራልፍ ኮዝንስ ከኋላ “ዱባው!” ብሎ ጮኸ።

በመስከረሙ የአትክልት ውድድር ሚስ ቲድቦልን ለአሥራ አንድ ዓመት በዱባ የቀደማቸው አልነበረም። “እኔ ሞኙ ፍግ ስሸከም እከርማለሁ፤ ለካ እሳቸው ሚስጥሩን ቀብረውታል!” አለ ራልፍ። ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ። አባታቸው በጡብ ያሠሩት አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ተሰንጥቆ በጓሮው አልፎ ወንዙ ውስጥ ሲፈስ ኖሯል። ሚስ ቲድቦል ባርኔጣቸውን አነሱና ማንንም ሳያዩ ወጡ።

አራት ቀን ከቤት አልወጡም። በአምስተኛው ክላይቭ እኔ ዘንድ መጣ።

“እሳቸው ቤት አብረኸኝ ሂድ።”

“አንተ ሰውዬ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመትህ ነው እኮ!”

“እሳቸው ፊት ስቆም ዘጠኝ ዓመቴ ነው።”

በሩን ከፈቱልን። ክላይቭ ኮፍያውን እያሻሸ፣ “ሚስ… ጉድጓድዎን በአዲስ ልቀይርልዎ ብዬ ነው። በራሴ ወጪ። የሚቀንሰው ፎስፈረስ ለእኔ ቤቶች ይያዝልኛል” አለ።



“በእኔ ሽንት ቤት ነው ቤት የምትሠራው?”

“አይ… አዎ… ማለቴ…”

“ከሁለቱ አንዱን ምረጥ።”

“አዎ፣ ሚስ።”

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው። ሳቁ ሲያልፍላቸው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ “ስንቱን ሰው ስወቅስ፣ ዓሣዎቹን የምፈጀው እኔ ነበርኩ” አሉ። ከዚያ ወደ ክላይቭ ዞሩ።

“የእኔ ጉድጓድ ለስንት ቤት ይበቃል?”

“ለሁለት፣ ሚስ።”

“ከዘጠኝ ሁለት ሲቀነስ?”

“ሰባት።”

“ጎሽ። በል ካፖርቴን አቀብለኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቶቹ እንዳይሠሩ ሲሟገቱ የነበሩት ሴትዮ፣ የተሰነጠቀ ጉድጓድ ፍለጋ ደብተር ይዘው በወንዙ ዳር ያለውን በር ሁሉ ማንኳኳት ያዙ። መጀመሪያ ራልፍ ቤት ገቡ።

“ሽንት ቤትህ የት ነው የሚፈሰው?”

“ሚስ፣ ምሳ እየበላሁ ነው እኮ!”

“የምሳህም መጨረሻ የት እንደሚደርስ ነው የምጠይቅህ።”

ራልፍ ሹካውን አስቀምጦ ጉድጓዱን ሊያሳያቸው ወጣ። የእሱም የተሰነጠቀ ነበር። በሳምንት ውስጥ እሱና አንዲት ጎረቤት ክላይቭ ጉድጓዳቸውን እንዲቀይርላቸው ተስማሙ። አንድ ጡረተኛ ጠበቃ ግን “ይህ የቤቴ ምስጢር ነው” ብሎ በሩን ዘጋባቸው። ሦስቱ ጉድጓዶች ተቀየሩ፤ ፈቃዱም ለስድስት ቤት ወጣ። በተረፈው መሬት ላይ ፖሞቹ እንደነበሩ ቆሙ፤ ክላይቭም ስለ ሦስቱ ቤቶች ሁለተኛ አላነሳም።

በጸደይ የመጀመሪያው ቤተሰብ ገባ። ዕቃው ከመኪና ወርዶ ሳያልቅ ሚስ ቲድቦል በር ላይ ደረሱ፤ ወንዙ እንዳይበከል ልብስ በየትኛው ሳሙና መታጠብ እንዳለበት የጻፉበትን ወረቀት ለእናትየዋ ሰጥተው ሄዱ። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ዕቃ ወደማወርደው ወደ እኔ ዞረች።

“ከየትኛው መሥሪያ ቤት ናቸው?”

“ከየትም አይደሉም” አልኳት። “ግን ሳሙናውን ብትቀይሪው ይሻልሻል፤ ነገም ይመጣሉ።”