ጩኸቱን ሰምተዋል ወይ

ሰምቻለሁ በይ፣ በቃ፣ አንዲት ቃል ናት፣ ሰምቻለሁ ክቡር ዳኛ፣ ጩኸት ሰምቼ ነው በሩን የሰበርኩት፣ ከዚያ ኤዲልቤርቶ ወህኒ ይወርዳል፣ ሚስቱ ዮሊማም ዛሬ እንደ ሰው ትተኛለች። ዐቃቤ ሕጉ ኮሪደሩ ላይ ሹክ ብሎኛል፣ ጩኸት ካለ ሕጋዊ ነው፣ ከሌለ ግን ፖሊስም ብትሆኚ የሰው ቤት ነው የሰበርሽው።

ሳጅን ካንቲዮ፣ ጥያቄዬ ግልጽ ነው፣ ከመግባትዎ በፊት ከውጭ ጩኸት ሰምተዋል ወይ?

ምን ጩኸት። እሁድ ከሰዓት እኛ ሰፈር ማን ማንን ይሰማል፣ ፒኮው፣ ያ ግድግዳ የሚያክል የሙዚቃ ማጉያ፣ መንገዱን እያንቀጠቀጠው፣ ሬዲዮዬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እንኳ አልሰማሁም፣ ዳኛ ኦስፒኖም የዚሁ የባራንኪያ ከተማ ልጅ ነው፣ ያውቃል፣ እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ፣ ሊያጠምደኝ ነው ወይስ መሸሻ እየሰጠኝ፣ እንጃ።

ያስገባኝ በሩ ነው። በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ ወንበሩን አውጥቶ፣ ዶሚኖ እያጋጨ፣ ቢራውን እየጠጣ፣ የዮሊማ ቤት ብቻ በሩም መስኮቱም ጥርቅም፣ እኛ ሰፈር እሁድ በሩን የሚዘጋ ወይ ሰው ሞቶበታል ወይ ሰው እየገደለ ነው። ጎረቤቷ እማማ ፌሊሲንዳ ዶሚኖዋን ሳትለቅ በአገጯ ጠቆመችኝ፣ ጆሮዬ ላይ ጮኸች፣ ልጄ፣ ያ በር ምነው? በዚህ ሙቀት? በእርግጫ ገባሁ። የኤዲልቤርቶ እጅ አንገቷ ላይ ነበር።

ጠዋት ዮሊማ እዚህ ቆማ ምን አለች፣ ስንጫወት ነው። ስንጫወት! አንገቷን በሻርፕ ሸፍና፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች። እሱ ይኸው ማዶ በካቴና ተቀምጦ ፈገግ ይልብኛል፣ ጥርሱ ይርገፍ።

የኔ ሥራ መያዝ ነው፣ መፍረድ የመነጽረኛው ዳኛ፣ አሁን ከዋሸሁ ግን ፈራጇ እኔ ነኝ፣ እሱ ማኅተም መቺ፣ ይሁን፣ ምናለበት፣ አንገቷን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ነገ ደግሞ ያ ሰካራም ባልደረባዬ ኦሮስኮ የእናቴን በር ሰብሮ ጩኸት ሰማሁ ቢልስ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ ዮሊማ ማደሯን በምን አውቃለሁ።

ሳጅን?

አልሰማሁም። ማነው ያለው፣ እኔ ነኝ፣ አልሰማሁም ክቡር ዳኛ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር፣ በዚያ ሙቀት፣ እሁድ ከሰዓት። መነጽሩን ያወልቃል፣ ዓይኑን ያሻል፣ ገብቶታል፣ የዚህ አገር ሰው ነው፣ ለምን አይገባውም፣ ግን ቀስ ብሎ፣ በሩን መዝጋት ወንጀል አይደለም ይላል፣ አያያዙ ሕገወጥ ነው፣ ይፈታ፣ ወደ ሚስቱ እንዳይቀርብ አዝዣለሁ፣ ይህንንም የሚያስከብሩት እርስዎ ነዎት ሳጅን። እኔ! እሱ አዘዘ፣ አበቃ፣ ምሳውን ይበላል።

ካቴናው የኔ ነው፣ በገዛ እጄ እፈታዋለሁ። ተባረኪ የኔ ሳጅን፣ ይለኛል አንጓውን እያሻሸ፣ እውነተኛ ሴት ነሽ፣ ለዮሊማ ሰላምታሽን አደርስልሻለሁ። ደረጃውን እየዘለልኩ እወርዳለሁ፣ ሞተሬ የት ነው፣ ያውና፣ እሱ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ታክሲ ቢይዝስ፣ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ብቻ ዮሊማ ቤት ልቅደመው፣ ተነሽ አንቺ ሞተር፣ ተነሽ በእናትሽ፣