ጃንሆይ በጃፓንኛ

ስክሪኑ ላይ የወጣው አማርኛ አልነበረም። እንግሊዝኛም ጃፓንኛም አልነበረም። ከንጉሡ የመጀመሪያ ንግግር ሥር፣ የግርጌ ጽሑፉ ቦታ ላይ፣ የዶላር ምልክት፣ ሁለት ቅንፍ፣ ጭረትና አንድ የጥያቄ ምልክት ተሰልፈው ወጡ፤ እነሱ ሲጠፉ ሌሎች መሰሎቻቸው ተተኩ። ፀሐይነሽ ከፕሮጀክተሩ ክፍል መስኮት ቁልቁል እያየች አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠውም ያው ነው።

ታች አዳራሹ ውስጥ ስድሳ አንድ ሰው ተቀምጧል። አብዛኞቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከኦሮራ የአረጋውያን መዋያ በሁለት ቫን በምልልስ የመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው፤ አንዳንዱ በከዘራ፣ አንዳንዱ ዎከር በሚሉት መደገፊያ። ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ ያነበበ የለም። ያነበበ ቢኖርም ቆሎ ምግብ አይደለም ብሎ አልፎታል።

ኤቢ በሩን ገፍታ ገባች። ኤቢ የሲኒማ ቤቱ ማናጀር ናት፤ እዚሁ ባሕር ማዶ፣ ሴንቴኒያል ያደገች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ።

"ፀሐይዬ፣ ሰብታይትሉ ምን ሆኖ ነው? ሪስታርት ላድርገው?"

"ሁለቴ አድርጌዋለሁ። ቆይ፣ ኪዳኔ ጋ ልደውል።"

ኪዳኔ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነው፤ የእሷን የእጅ ጽሑፍ የተየበላት እሱ ነው። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

"ኪዳኔ፣ የሰጠኸኝ ፋይል ፊደል የለውም።"

"እኔ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል እኮ።"

"አንተ ጋማ ይታያል። እዚህ የሚታየው ዶላር ነው።"

"ባለፈው ያየሽው በእኔ ኮምፒዩተር ነበር አይደል? በቃ እሱ ነው። የምጽፍበት ፕሮግራም የድሮ ነው፤ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲሄድ ፊደሉን አያውቀውም። እኛ ሁልጊዜ አትመን በወረቀት ስለምናድል ትዝም አላለኝ።"

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰንበት ማስታወቂያውን፣ የማኅበሩን ደብዳቤ፣ የሠርጉን ጥሪ በዚያ ፕሮግራም ጽፏል። ወረቀት ላይ አንድ ቀን ከድቶት አያውቅም። ፀሐይነሽም ብትሆን እሱ ቢሮ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን መስመር አይታ ነው ያመሰገነችው። እዚህ የሞከረችው ምስሉንና ድምፁን ብቻ ነበር።

"አሁን መቀየር ይቻላል?"

"ሁለት ሰዓት ስጪኝ።"

"በሁለት ሰዓት ፊልሙ ያልቃል፣ ኪዳኔ።"

ስልኩን ዘጋች። አልተቆጣችውም፤ ለመቆጣትም ጊዜ የለም።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ነው። ቶኪዮ ያለ አንድ ቴአትር ቤት ከአርባ ዓመት በፊት የቀረጻቸውን ቴአትሮች ከማኅደሩ አውጥቶ ማከራየት ጀምሮ ነበር። ስለ እንግሊዝ ነገሥታት የተጻፉ የጥንት ድርሰቶች ናቸው፤ ተዋናዮቹ ጃፓኖች፣ ቋንቋው ጃፓንኛ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ይህ ሲኒማ ቤት ሦስቱን ተከራየና ቅዳሜ ቅዳሜ በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ለተማሪዎች ያሳይ ጀመር። ፀሐይነሽ ማሽኑን ስትፈትሽ የመጀመሪያውን ያለ ምንም ጽሑፍ አየችው። ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ እስከ መጨረሻው አየችው። ማን ለማን እንደሚሰግድ፣ ማን አጎንብሶ ሳለ በልቡ እንደሚዝት፣ ማን የማንን ወንበር እንደሚያይ ለማወቅ ጃፓንኛ አያስፈልግም። ይህንን የኛ ሽማግሌዎች ቢያዩት አለች፤ ቀኑን ሙሉ መዋያው ውስጥ የማይገባቸው ቴሌቪዥን ፊት ነው የሚቀመጡት።

ለኤቢ ስትነግራት ኤቢ ሳቀች። "ጃፓኒዝ የሚያወሩ የእንግሊዝ ንጉሦች፣ ለሐበሻ ሽማግሌዎች?"

"አዎ።"

"ሲሪየስ ነሽ?"

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የመረጠውን ሳሳይ ኖሬያለሁ። አንዱን እኔ ልምረጥ።"

ኤቢ መሳቋን ተወችና ጉዳዩን ለሲኒማ ቤቱ ቦርድ አቀረበች። ቦርዱ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ፈቀደ። ከገባው ሰው ግማሹ እስከ መጨረሻው ከቆየ፣ ማክሰኞ የፀሐይነሽ ይሆናል፤ ፊልሙን የምትመርጠው እሷ፣ ፖስተሩ ላይ የሚጻፈውም የእሷ ስም። ካልቆየ ግን አዳራሹ ማክሰኞ ማክሰኞ ለስፖርት ቤት ይከራያል። ፀሐይነሽ ስድስት ሳምንት ሞንትቤሎ ያለው ቤቷ እየገባች፣ እራት ከበላች በኋላ፣ ሺህ ሦስት መቶ መስመር ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለሰች። ንጉሡን "ጃንሆይ" አስባለችው። ሎርዶቹን ደጃዝማች አደረገቻቸው፤ እንግሊዞቹ ቅር ቢላቸው ይቅር ይበሏት።

አሁን ታች ጉርምርምታው ጀምሯል።

"ይኸ ደግሞ ምን ዓይነት ጽሕፈት ነው? ጃፓንኛው ነው እንዴ?" ይላሉ አቶ ለገሠ። የመዋያው አፈ ጉባኤ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው አይረባም ያሉት ፊልም አይረባም።

"ቫኑ በስንት ሰዓት ነው የሚመለሰው?" አለ አንድ ድምፅ። ሁለት ሴቶች ወደ መታጠቢያ ቤት ተነሡ፤ ካፖርታቸውን ይዘው ነው የተነሡት። መታጠቢያ ቤት ካፖርት ይዞ የሚሄድ ሰው እንደማይመለስ ፀሐይነሽ ታውቃለች።

"እንግሊሹን ልልቀቀው?" አለች ኤቢ።

"ማን ያነብልሻል?"

"ታዲያ ምን እናድርግ? ካንስል?"

ፀሐይነሽ ማልቀስ አምሯት ነበር። ያን ጊዜ ነው በዛብህ ትዝ ያላት። ኮምቦልቻ፣ የአጎቷ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ እሷ በር ላይ ቆማ ሳንቲም ስትቀበል፣ በዛብህ መጋረጃ ሥር ማይክ ይዞ የህንድ ፊልም ለሕዝቡ በአማርኛ ይተርክ ነበር። ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ፊታቸውን እያየ ነበር የሚናገረው፤ አንዳንድ ቀን ወንድምና እህት የሆኑትን ባልና ሚስት አድርጎ ጉድ ይፈላል። ግን ከዚያ ቤት ፊልም ሳያልቅ የወጣ ሰው አላየችም። እሷ ደግሞ እንደ በዛብህ አይደለችም፤ ሺህ ሦስት መቶውን መስመር አንድ በአንድ በእጇ ጽፋዋለች።

"የጥያቄና መልሱ ማይክ የት ነው?" አለች።

"ታች፣ መድረኩ ጋ። ለምን?"

"እኔ ልናገረው።"

"ላይቭ? ሁለት ሰዓት ሙሉ? ፀሐይዬ፣ አር ዩ ኦኬ?"

"ደህና ነኝ። አንቺ እዚህ ቁሚ። እጄን ሳነሳ ጽሑፉን አጥፍተሽ ከመጀመሪያው ልቀቂው፤ ሌላ ምንም እንዳትነኪ።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ከስክሪኑ ጎን ቆማ ማይኩን ስታበራ ድምፅ ማጉያው ጮኸባት፤ ዝቅ አደረገችው።

"እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጽሑፉ ተበላሽቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚሉትን እኔ እነግራችኋለሁ።"

"ጃፓንኛ ትችያለሽ?" አሉ አቶ ለገሠ።

"አልችልም።"

"ታዲያ እንዴት ልትነግሪን ነው?"

"የሚሉትን ስድስት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ነው የከረምኩት፣ አባቴ። ንጉሡን አሁን ከራሴ ዘመድ በላይ አውቀዋለሁ።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እጇን አነሳች።

መጀመሪያ አልሆነላትም። "ንጉሡ እንዲህ ይላል፣ ደጃዝማቹም እንዲህ ብሎ ይመልሳል" እያለች ከተዋናዮቹ ኋላ ቀረች፤ እሷ "ይላል" ብላ ሳትጨርስ እዚያ ማዶ ሌላው ሰው ቀጥሏል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ንጉሡ የአጎቱን ልጅ ርስት ነጠቀ፣ በጉባኤ ፊት። ተዋናዩ አገጩን ቀና አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር፣ ፀሐይነሽም ሳታስበው አገጯን ቀና አደረገች።

"መሬቱን ወስጃለሁ። ለማን አቤት ትላለህ? አቤት የሚባለው ለእኔው ነው።"

"ይላል" ማለቱን ረሳችው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችበትም።

"በለው፣ ርስት ነካ፣" አሉ አቶ ለገሠ ለጎረቤታቸው። "ርስት ነክቶ የዳነ ንጉሥ የለም።"

"ዝም ይበሉ እንስማበት፣" አሉ ከኋላቸው ወይዘሮ አጸደ።

"ምን አልኩ? እውነቱን ነው የተናገርኩት።"

ካፖርታቸውን ይዘው የወጡት ሁለቱ ሴቶች ተመልሰው በሩ ሥር ቆሙ። ትንሽ ቆይተው ተቀመጡ። ፀሐይነሽ በዓይኗ ጭራ አይታቸዋለች። አሁን ድምፅዋ ይታዘዝላት ጀመር። ለንጉሡ ቀስ ያለ፣ ለአጎቱ ልጅ ደረቅ ያለ፣ ለንግሥቲቱ የራሷን ድምፅ ሰጠች። አሽከሮቹ ሲያሙ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አማች፤ አዳራሹ ወደ ፊት አዘነበለ። የአጎቱ ልጅ ጦር ሰብስቦ ሲመጣ "ሽማግሌ ላክበት እንጂ" የሚል ምክር ከሦስት ወንበር ተወረወረ። ንጉሡ ሽማግሌ አልላከም። መኳንንቱ አንድ በአንድ ሲከዱት ወይዘሮ አጸደ ራሳቸው ዝም በሉ ያሉትን ረስተው "ሆዳም ሁላ" አሉ።

ከዚያ ዘውዱ መጣ። ንጉሡ ዘውዱን ከራሱ ላይ አውርዶ በሁለት እጁ ይዞ ይቆማል፣ የአጎቱ ልጅ ከፊቱ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ማንም አይናገርም። ሁለት ደቂቃ ያህል ማንም አይናገርም። በዛብህ ቢሆን እዚህ ጋ የንጉሡን ልጅነት፣ የእናቱን ምርቃት፣ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር ይተርክ ነበር። ፀሐይነሽም አፏን ከፈተች። ወዲያው ማይኩን ከአፏ አራቀችው። ስድሳ አንድ ሰው ትንፋሹን ውጦ የቆሎ ድምፅ እንኳ ጠፋ። አቶ ለገሠ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እነዚህ ሰዎች ንጉሥ ሲወርድ በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደመጣም ያውቃሉ።

ንጉሡ ዘውዱን ለቀቀ። የአጎቱ ልጅ ተቀበለና ተናገረ።

"ውሰዱት፣" አለች ፀሐይነሽ በደረቁ ድምፅ። ቀጥላም "አንተ፣ መንገዱን አሳየው" አለች፣ ለወታደሩ። እስከ አሁን "ጃንሆይ" ሲል የነበረ አፍ አሁን ስሙን እንኳ አልጠራም።

"አይ ጊዜ፣" አሉ ወይዘሮ አጸደ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እየወሰዱ። በአዳራሹ እዚህም እዚያም አፍንጫ ተነፈጠ።

ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱ በራ። ፀሐይነሽ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ሸሚዟ ከጀርባዋ ተጣብቆ ቆማለች። መጀመሪያ አቶ ለገሠ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ እሳቸው ሲነሡ ሌላውም ተነሣ፣ ዎከር ያለው በዎከሩ። ከዚያ አጨበጨቡላት፣ እልል አሉላት። ፀሐይነሽ በደስታ እንባዋ መጣ፤ ለመደበቅም አልሞከረችም።

አቶ ለገሠ ቀስ ብለው ቀረቡና እጇን ያዙ። "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ልጄ። ያ ጽሕፈት ባይበላሽም ለእኔ ያው ነበር። ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ለሰው አልተናገርኩም።"

"እርስዎ ብቻ ነዎት መሰለዎት?" አሉ ወይዘሮ አጸደ። "ግማሻችን አናነብም። ልጅቱን ላለማሳፈር ነው እሺ ብለን የመጣነው።"

ፀሐይነሽ ስድስት ሳምንት የለፋችበት ጽሑፍ በትክክል ቢወጣ ኖሮ፣ እነዚህ ሰዎች በትሕትና ተቀምጠው፣ ምንም ሳያነቡ፣ ቀስ በቀስ ካፖርታቸውን እያነሱ ይወጡባት ነበር። ኪዳኔን ማታ ደውላ ማመስገን አለባት፤ መቼም ያሾፈችበት ይመስለዋል።

"ያ አዲሱስ?" አሉ አቶ ለገሠ። "ወንበሩን የነጠቀው። ያምርበታል?"

"የእሱ ሁለተኛው ፊልም ላይ ነው፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ይምጡና ያያሉ።"

"እንመጣለን። ለቫኑ ሹፌሮችም ንገሪያቸው።" ሹፌሮቹ ግን ሊወስዷቸው ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀርተው ነበር። ከግማሹ ጀምሮ አይተዋል።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ኤቢ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ወረደች። "ስድሳ ሦስት! የገባው ስድሳ አንድ፣ የጨረሰው ስድሳ ሦስት። ለቦርዱ ቴክስት አደረግኩላቸው፣ የስ ብለዋል። ማክሰኞ ያንቺ ነው፣ ፀሐይዬ።" አቀፈቻት። ፀሐይነሽ እቅፏ ውስጥ እንዳለች ሳቀች፣ ድምፅ በሌለው ጉሮሮዋ።

"አሁን አይዲያ አለኝ፣" አለች ኤቢ። "ይሄን በየሳምንቱ ማድረግ በጣም ያደክምሻል። ቮይስሽን ሪከርድ እናድርገው። አንድ ጊዜ በደንብ ትቀጂዋለሽ፣ ስህተት የለ፣ ምን የለ። ከዚያ አንቺ ላይ ሆነሽ ፕሌይ ብቻ ነው።"

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አድካሚም አይደለም። የተቀዳ ድምፅ ጉሮሮው አይደርቅም። ግን ሰው ትንፋሹን ሲውጥ አይሰማም፣ ሽማግሌ ላክበት ሲሉትም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ፀሐይነሽ ቀና ብላ አሥራ አንድ ዓመት የቆመችበትን ትንሽ መስኮት አየች።

"ለማክሰኞ እላይ ፕሮጀክተሩ ጋ የሚቆም ሰው ፈልጊ፣" አለች።

"አንቺስ?"

"እኔ ታች ነኝ።"