ለሁለት የተከፈለው ሣር

አባይነህ ያን ሣር ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለጎረቤት የሰጠ ዕለት ሚስቱ ብዙነሽ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። መሪ ሰፈር ካለ አንድ ችግኝ ሻጭ ገዝቶ፣ በላዳ ጭኖ አምጥቶ፣ በላይኛው አጥር ሥር የተከለው ራሱ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ የጌጥ ሣር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ከሰው ቁመት በላይ ነጭ ላባ የመሰለ አበባ ያወጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጉቶው ሲወፍር አባይነህ በመጥረቢያ ሰነጠቀውና አንዱን ክፋይ በአጥሩ ላይ ለከይሪያ አቀበላት። ከይሪያ መገናኛ መድኃኒት ቤት ያላት፣ ሳቋ ከግቢ ግቢ የሚሰማ ሴት ናት። ብዙነሽ በመስኮት አየች። «ሣር ነው እኮ» አለች ለራሷ።

አሁን አባይነህ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጉቶውን የሚሰነጥቀው ሰው ሲጠፋ የእሷ ሣር መሃሉ ደርቆ እንደ ራሰ በራ ተመልጧል፤ ለምለም የቀረው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። የከይሪያው ግን ጥቅጥቅ ብሏል። ብዙነሽ በጠዋት መጋረጃዋን ስትገልጥ መጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ የባሏ እጅ ለሰው ግቢ የበለጠ የሠመረ ይመስላታል። ይባስ ብሎ ከይሪያ በየመስከረሙ አበባውን ገና ሳይፈካ ትቆርጠዋለች። ተሰጥቷትም አታከብረውም።

ብዙነሽ ከራሷ አንድም ዘለላ ነክታ አታውቅም። በኅዳር ነፋስ ላባው እየተበጠረ ወደ እንጦጦ ተዳፋት ሲበን ቆማ ታየዋለች። ለቅሶው ላይ እንኳ ድምፅዋ ያልተሰማ ሴት፣ የምታለቅስ ከሆነ የምታለቅሰው ያን ጊዜ ነው።

አባይነህ በሕይወት ሳለ አበባው ሊፈካ ሲል ሁሉንም ቆርጦ በእቅፉ ያመጣላት ነበር። ቅጠሉ እንደ መጋዝ ስለታም ስለሆነ እጁ ተቦጫጭሮ ይገባል። «ያንቺ ነው» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። ከዚያ እንዳይረግፍ የእሷኑ የፀጉር ስፕሬይ ይነፋበትና ሳሎን ትልቁ እንስራ ውስጥ ያቆመዋል። ከዚያ በፊት አንዲት አበባ ገዝቶላት የማያውቅ ሰው ነው። ይህን ለማንም አልነገረችም። የእሷ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ በመስከረም አንድ ጠዋት ከይሪያ በሩን አንኳኳች። ከነሥሩ የተነቀለ ትንሽ ሣር በፌስታል ይዛለች።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ደህና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ።»

«አልገባም፣ ጫማዬ ጭቃ ነው። ከባሌ ከአብዱልናስር ጋር ተዳፋቱ ላይ ነበርን። ሰፈሩ የተከለው የወይራና የኮሶ ችግኝ መሃል ይሄ ገብቶበታል። አንድ ሁለት መስሎኝ ነበር፣ ወደ ላይ ስንወጣ ግን ምን ልበልዎ። ከብት አይበላው፣ ሥሩ ሽቦ ነው። ባሌ እጎትታለሁ ብሎ በቂጡ ተቀመጠ።»

ብዙነሽ አልሳቀችም። «ከኔ ነው የሄደው ልትዪ ነው?»

«የኔማ አያፈራም፣ እቆርጠዋለሁ። ፍሬው ከአቧራ ይቀላል እኮ፤ ነፋስ ጥሎት የሄደበት ሁሉ ይበቅላል። በበጋ ደግሞ የደረቀው ቅጠል እሳት ቢያገኘው ተራራው አለቀ። የእርስዎንም ዘንድሮ ሳይፈካ እንቁረጠው ብዬ ነው።»

«አባይነህ የተከለውን አንቺ ቁረጪ አትዪኝም።»

ከይሪያ ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች። «እትዬ፣ ቁረጪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ‹ጠባዩን ያወቅሁት ከተከልኩት በኋላ ነው፤ ሳይፈካ ካልተቆረጠ ተራራውን ይወርሳል› አሉኝ። በሕይወት ሳሉ የኔንም በየዓመቱ እሳቸው ነበሩ የሚቆርጡልኝ።»

ብዙነሽ የበሩን ጠርዝ ያዘች። በእቅፍ ይመጣላት የነበረው አረም መከላከል ኖሯል። ለእሷ ሳይነግር ለዚህች ነግሯታል። የዚህችንም ቆርጧል።

«ያንቺንስ» አለች፣ ድምፅዋን ተጠንቅቃ፣ «ቆርጦ የት ያደርሰው ነበር?»

«የኔን?» ከይሪያ ሳቀች። «ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ሲደርቅ ያቃጥሉት ነበር። አንዴ ለሳሎን ልያዘው ብላቸው ‹ተይው፣ እሱ ያስነጥሳል› አሉኝ።»

በብዙነሽ ሳሎን ያ አበባ እስከ ፋሲካ ይቆም ነበር። ያስነጠሰው ሰው የለም።

ገባችና የአባይነህን ማጭድ ይዛ ወጣች። ከይሪያ እጇን ዘረጋች። «እኔ ልቁረጥልዎ፣ እጅ ይቦጭራል።»

«የሱን የምቆርጠው እኔ ነኝ። አንቺ ጆንያውን ያዢ። ነገ ተዳፋቱ ላይ አብሬሽ እወጣለሁ።»

ቆረጠች። ቅጠሉ የእጇን ጀርባ ጫረው፤ ልክ እሱን ይጭረው የነበረበት ቦታ ላይ። ጆንያው ሞላ። መጨረሻ ላይ የቀሩትን ዘለላዎች ጆንያው ውስጥ ሳትከት በክንዷ አቀፈቻቸው።

ከይሪያ አየቻቸው። «ለጋሽ አባይነህ ማስታወሻ፣ አንዷን ለኔ ቤት ብወስዳትስ?»

«ተይው፣» አለች ብዙነሽ፣ ወደ ሳሎኗ እየሄደች፣ «ያስነጥስሻል።»