በአስፋልቱ መሃል «ማረኝ»

አባቴ አርአያና ጎረቤታችን ጋሽ ወልደ ሚካኤል የተጣሉት በግመል ነው። የኛ ግመል የጋሽ ወልደ ሚካኤልን ማሽላ በላች፤ እሳቸውም አስረው ውሃ ከለከሏት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ መሃል የቀረሁት ግን እኔ ነኝ። የጋሽ ወልደ ሚካኤልን ልጅ አማኑኤልን ላገባ ለጥር ቀን ተቆርጦ፣ ቀሚሴ ተሰፍቶ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ሰርጉ «ይቆይ» ተባለ። ለግመሏ ይህን ያህል ሲቆረቆሩ እኔን ያስታወሰኝ የለም።

በገና ማግስት ሰባኪው ጌዲዮን ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ፣ «ወንጌል በአፍ ብቻ አይሰበክም፣ በኑሮም ነው። ቀድሞ ‘ማረኝ’ ያለ እሱ ሰበከ፤ ይቅር ባዩ ሁለተኛ ነው» አለ። ያችን «ሁለተኛ» ባይላት ምን ነበረበት! የራያ ሰው ሁለተኛ መሆን ይወዳል እንዴ?

እኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የተበደለው «ይቅር ብያለሁ» እስኪለው አያወርድም። በነጋታው ጠዋት አባቴ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ ወጣ። ቤታችን ከአስፋልቱ ወዲህ ነው፣ የነሱ ወዲያ። አስፋልቱ መሃል ሲደርስ ጋሽ ወልደ ሚካኤል የባሰ ድንጋይ ተሸክመው ከወዲያ መጡ።

«አርአያ፣ በድዬሃለሁ፤ ማረኝ!» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል።

«የለም፣ እኔ ነኝ የበደልኩህ! ግመሌ ማሽላህን ጨርሳለች» አለ አባቴ።

«ምን በላች? ሁለት ራስ ብትቀምስ ነው።»

«ሁለት ራስ? ግመሌን አትናቅ! ማሳውን ነው ያጸዳችው።»

«እኔስ ሦስት ቀን ውሃ ከልክያት የለም ወይ?»

«ለግመል ሦስት ቀን ምኗ ነው? አንተ መበደልም አታውቅበት!»

«ይኸው ሰደበኝ! በሉ እዩልኝ!»

ባጃጁ ቆመ፣ ከጎብዬ የመጣው ሚኒባስ ቆመ፣ ከኋላው አይሱዙው ጥሩንባውን ለቀቀው። ሁለቱ ላብ በላብ ሆነው «አንተ ይቅር በል!» «አንተ በል!» ይባባላሉ። ሰው ሮጦ ጌዲዮንን ጠራው።

«አባቶቼ፣ አንዳችሁ ይቅር በሉ እንጂ!» አለ ጌዲዮን እያለከለከ።

«ይቅር ባዩ ሁለተኛ ነው ያልከን አንተ አይደለህ?» አሉት ባንድ ላይ።

ጌዲዮን ደነገጠ። «እንግዲያስ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ጎንበስ አለና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ መምረጥ ጀመረ።

«ኧረ እንዳታነሳ!» ብዬ ጮህኩ። በንዴት ደሜ ፈልቷል፤ ነጠላዬን አጣፍቼ መሃላቸው ገባሁ። «ማሽላው ተበልቶ አልቋል፣ ግመሏም ውሃዋን ጠጥታለች። የተበደልኩት እኔ ነኝ! ወደ እኔ ዙሩ!»

ድንጋያቸውን እንደያዙ ዞሩ።

«ኤደን ልጄ፣ ማሪኝ» አለ አባቴ።

«ማሪኝ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል።

ሁለት ወር ስለ እኔ ሲወስኑ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም፤ አሁን ግን ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ባላዝንላቸው ኖሮ እስከ ማታ ባቆምኳቸው።

«ሰርጌ መቼ ነው?» አልኩ።

«እሁድ!» አሉ ሁለቱም፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም።

ይቅር አልኳቸው፤ ሳቅም ለቅሶም አብሮ መጣብኝ።