በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ

ጋሽ ፍሬን በሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ሹፌርነቱ ሆን ብሎ ሰው አናድዶ አያውቅም። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ዶሮ መንገድ ስታቋርጥ ካየ ፍሬን ይዞ፣ ተሻግራ ላባዋን እስክታራግፍ ይጠብቃታል ይሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅና ሚስትህን አናድድ ያሉት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ መታት። እግሯና ምላሷ በሳምንት ውስጥ ሲመለሱ ቀኝ እጇ ግን እምቢ አለ። (ምላሷ ትንሽ ቢዘገይ ምን ነበረበት ብለው የቀለዱ ደንበኞችም አልጠፉም።) ሐኪሞቹ ጉዳቱ ቀላል ነው፣ በልምምድ ይመለሳል ብለው ለመጨበጫ የምትሆን ቢጫ የጎማ ኳስ ሰጧት። እሷ ኳሷን መሳቢያ ውስጥ ወረወረቻት። በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ልጫወት ወይ አለች። ደግሞም ወሩ እስኪያልቅ ይሄ እጅ ጨርቅ ካልቆረጠ ሱቁን እዘጋዋለሁ ብላ ማለች።

ሱቋ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር የተያያዘች አንድ ክፍል ናት። ጋሽ ፍሬን መሐላውን ሲሰማ ቀን መቁጠር ጀመረ። ሚስቱ ምላ ያልፈጸመችበትን ቀን አያስታውስም፤ እሷን ያለ ሱቅ ማሰብ ደግሞ አውቶቡስን ያለ ጎማ እንደማሰብ ነበር።

አንድ ማክሰኞ እጇን የምታለማምዳት ፊዚዮቴራፒስት ከሆስፒታሉ የልምምድ ሰንጠረዥ ይዛ መጣች። ገና ልጅ ናት፤ ወንበር ሳይቀርብላት ትቀመጣለች፣ መልስ ሳይሰጣት ሌላ ጥያቄ ትጠይቃለች። ጋሽ ፍሬን ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ ፈለገ። ጠርዙ ትንሽ ስለተረፈው ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን መቀስ አነሣና ወረቀቱን ከርከም አደረገው።

ሰፊዎች ይቅር የማይሉት ነገር ቢኖር ይህ ነው። የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይነካም፤ ወረቀት ስለቱን ያዶለዱመዋል። ሚስቱ ያንን መቀስ ለገዛ እህቷ እንኳ አውሳ አታውቅም። የመቀሱን ድምፅ ስትሰማ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ!» አለችና ነጠቀችው።

በቀኝ እጇ።

ሦስቱም ወደ እጇ ዞሩ። ከዚያ ጣቶቿ ዓይናቸው እያየ ተፈቱና መቀሱ ወለሉ ላይ ተንኳኳ።

ፊዚዮቴራፒስቷ በሩ ላይ ጫማዋን እያሰረች፣ ከአንጎላቸው እስከ እጃቸው መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው፣ መኪናው ነው ያልተነሣው አለችው። በሹፌር ቋንቋ ስለነገረችው ደስ ብሎት እንዴት እንደሚነሣ ጠየቃት።

«እንግዲህ ያናድዷቸዋ፣ ጋሼ።»

ቀልዷን ነበር። እሱ ግን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነም ጠየቀ።

«ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» አለችና እየሳቀች ሄደች።

ማናደድም ለካ ሙያ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን ቢበዛ ያደረገው ክሮቹን ቀለም ሳይለይ ማደባለቅ ነበር፤ ያውም ይቅርታ እየጠየቀ። እያደር ግን ለመደው። የጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዋ ላይ ተቀመጠ። የደንበኛን ወገብ ከሜትሩ ጫፍ ሳይሆን ከአሥር ጀምሮ ለካ። ሙሉ ልብስ ሊያሠራ ለመጣ መምህር ኮት ማለት ያው ረዘም ያለ ሸሚዝ ነው ብሎ አስረዳው። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚስቱ ቀኝ እጅ ብድግ ይላል፣ ይጠቁማል፣ መልሶ ይወድቃል። ጋሽ ፍሬን ጓሮ ዞሮ ይመዘግባል፦ «ቁርስ፦ አውራ ጣት። ምሳ፦ ሙሉ መዳፍ፣ ጠረጴዛውን መታች። ራት፦ ቶሎ ተኛች፣ አልተሳካም።»

በዘጠነኛው ቀን ደብተሩን አገኘችው። ቆማ አነበበችው፣ ተቀምጣ ደገመችው። «ነጭ ክር ለጥቁር ሱሪ፦ ሁለት ጣት» የሚለው ጋ ስትደርስ ሳቋ ፈነዳ። እንባዋ እስኪወርድ፣ የስፌት መኪናውን ተደግፋ እስክታቃስት ሳቀች። እሱም ቆሞ አፍሮ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ መሥራት አቆመ። የሸሚዝ እጅጌ ጫፉን ድፍን አድርጎ ሰፍቶ ቢያሳያት ሳቀች። ካውያውን ከፋይ ጨርቅ አጠገብ ቢያደርገው፣ የኔ ጌታ፣ አትድከም አለችው። እጇ ጭኗ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ጉዱን ስትሰማ ለመሳቅም ለመቆጣትም ቸገራት።

«ንዴት ሞተር ያስነሣል እንጂ መሪ አይዝም» አለች። «ኳሷ የታለች?»

«ካልተናደድኩ አይሠራማ» አለች ሰፊዋ።

«ሲናደዱ የሠራው የማን እጅ ነው፣ እማማ? የጋሼ?»

እንግዳዋ ስትወጣ ሰፊዋ መሳቢያውን ከፈተች።

በሦስት ቀን ውስጥ ያቺ ቢጫ ኳስ የሰማችው ስድብ በዚያ ሰፈር ለማንም ደርሶ አያውቅም። ሰፊዋ እያላባት ትጨብጣለች፣ ትለቃለች፣ ትቆጥራለች። አንዳንዴ ከመቶ ጊዜ አንዱ እንኳ አይሆንላትም፤ ያኔ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ጋሽ ፍሬን ይህን አልመዘገበም፤ ማየቱ ራሱ ከብዶት ነበር።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ያረጀ አንሶላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በግራዋ በጠመኔ መስመር አሰመረች። መቀሱን በቀኟ አነሣች። አልተናደደችም፤ ከንፈሯን ነክሳ እጇን ብቻ ታያለች። መቀሱ ተከፈተ፣ ቆየ፣ ተዘጋ። ደግሞ ተከፈተ። አንድ ክንድ ያህል ለመቁረጥ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ መቀሱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«እንዴት ነው?»

ጋሽ ፍሬን በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነበር፦ ቆንጆ ነው። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን አየ። መስመሩ ወዲያ፣ መቀሱ ወዲህ፣ ልክ ዝናብ እንዳጠበው ኮረኮንች።

«ጠማማ ነው» አለ።

ትክ ብላ አየችውና ኳሷን አነሣች። ቢጫዋ ኳስ ከቀኝ እጇ ተነሥታ በዝግታ አየር ላይ ሄደችና ሆዱን መትታው ወደቀች። ሰፊዋ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተዘረረች። ተናዳ ይሁን ደስ ብሏት እሷም አታውቅም፤ እሱም ደብተሩን ለማውጣት አልሞከረም።

ኳሷን ለቀመና መዳፏ ላይ መለሰላት።

«ድገሚ።»

«እደግማለሁ» አለችው ዓይኗን እየጠራረገች። «አንተ ግን ነገ ሱቁን በጊዜ ክፈት። መቀሴን ደግሞ እንዳትነካት።»