ቅጣት የሌለበት ቀብር

ተወልደብርሃን መንግሥትን የሚጠላ ሰው አልነበረም። መንግሥት በየሰው ጓዳ ባይገባ፣ ሰው የወደደውን ቢሸጥ፣ የወደደውን ቢናገር ደስ ይለው ነበር እንጂ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ሲነሣ ግን ፊቱ በርበሬ ይመስላል። «ማነው አይከሰስም ያለው?» ይልና ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ እግዜር ይርዳችሁ፣ ማኪያቶው ቀዝቅዞ አስተናጋጇ ወንበር መሰብሰብ እስክትጀምር አይለቃችሁም። ሮማናት አካባቢ ያሉ ካፌዎች ይህን አመሉን ያውቁታል።

ሥራው የፖለቲካ አማካሪነት ነበር። እናቱ ኣደይ ኣኽበረት ጎረቤት «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቃት «ሰው ይመክራል፤ ለራሱ ግን መካሪ የለውም» ትላለች። እውነቷን ነው። በግሉ የሚወዳደር ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱ የመከረው ሁሉ ደግሞ ይወድቃል። አንዱን ዕጩ ሕዝብ ፊት አቁሞ «ብትመርጡኝ ምንም አላደርግባችሁም!» አሰኝቶታል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ «እንግዲያው ቤትህ ተኛ!» ብለው ሸኙት። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራ በቀየረ። ተወልደብርሃን ግን «ገና ነው፣ ሕዝቡ ይለምደዋል» እያለ ቀጠለ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀንቶታል። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ዳር ልብስ የሚሸጡ የወሎ ነጋዴዎች ተነሡ በተባሉ ጊዜ አብሯቸው ቆመ። ይማም የተባለውን ነጋዴ አስከትሎ በየቢሮው ዞረ፣ ምን እንደሚናገርና መቼ ዝም እንደሚል አስተማረው፣ በመጨረሻም እዚያው እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ይማም ከዚያ ወዲህ ባየው ቁጥር መንገድ ተሻግሮ እየመጣ ያቅፈዋል።

መዘዙ የመጣው ከዕድሩ ነው። ተወልደብርሃን ዕድርን በየስብሰባው ያሞግስ ነበር፤ «ሰው ያለ አዛዥ ተሰባስቦ ሟቹን ሲቀብር አይታችኋል?» ይላል። የሓድነት ሰፈራቸው ዕድር ግን እንደ ማንኛውም ዕድር ቀብር የቀረ አባሉን ይቀጣል። ይህ ነገር ተወልደብርሃንን እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ሲቆረቁረው ኖሮ አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሣ።

«ሰው በቅጣት ፍርሃት ወደ ቀብር አይነዳም! ቅጣቱ ይነሣ፤ አለዚያ እኔ የለሁበትም።»

የዕድሩ ዳኛ ኣቦይ ገብረዝጊ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ወደይ፣ ልጄ፣ ይህ ዕድር በዚያ ሁሉ መከራ ጊዜ እንኳ ሰው ሳይቀበር አላሳደረም። ለአንተ ንግግር ብለን ደንብ አንነካም።»

«እንግዲያው ወጣሁ» አለና ወጣ። ያላሰበው ነገር አባልነቱ በቤት መሆኑን ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ አባወራው እሱ ነው፤ እሱ ሲወጣ እናቱም አብራ ወጣች።

ኣደይ ኣኽበረት ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ አለችና «በዚህ ሰፈር ሰው ሞቶ የቀረሁበት ቀን የለም» አለችው። «እኔን አራት ሰው ይዞኝ ይሂድ? ለዚህ ነው ነፃ ያወጣኸኝ?»

«እመለሳለሁ እማ፣ አነጋግራቸዋለሁ» አላት። ግን ዛሬ ነገ አለ። ሰውን ድምፅ እንዴት እንደሚለመን የሚያስተምር አማካሪ ለራሱ መለመን ሞት ሆነበት። ኩራት! ኩራት የማያሠራው ጉድ የለም። እሱ ዛሬ ነገ ሲል እናቱ ታመመች፤ ከዚያም አንድ ማለዳ ጎህ ሲቀድ እጁን እንደያዘች አረፈች።

ተወልደብርሃን ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ማልቀስ አልቻለም። ዓይኑ ባዶውን መንገድ እያየ፣ ልቡ «አራት ሰው፣ አራት ሰው» ይላል።

መጀመሪያ የመጣው ይማም ነው። ባለቤቱ ኡሙሀኒ ከኋላው፣ የገበያው የወሎ ልጆች ደግሞ ድንኳን ተሸክመው። በወሎ ዕድር ቅሬ ይባላል፤ ድንኳኑ የቅሬያቸው ነው።

«እኔ እኮ የቅሬያችሁ አባል አይደለሁም» አለ ተወልደብርሃን።

«አፈር ስሆን ዝም በል!» አለው ይማም፣ ገመዱን እየፈታ። «በእናት ሞት ላይ አባል ነኝ አይደለሁም ይባላል? አብሽር፣ ወንድሜ።»

ድንኳኑ ገና ሳይቆም የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ተወልደብርሃን ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ። ወዲያው ኣቦይ ገብረዝጊ ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

«በደንቡ የዕድር ቀብር አይገባህም» አሉት። «ወጥተሃል። ስለዚህ አባሉን ማስገደድ አንችልም። ኣኽበረት ማረፏን አስነገርን፤ የቀረ አይቀጣም ብለንም አስነገርን። የሚመጣው በፈቃዱ ይመጣል።»

ጉድ በል! ዕድሜውን ሁሉ የጮኸለት ነገር በእናቱ አስከሬን ላይ ደረሰለት። ደስ ሊለው ሲገባ ዓይኑን ወደ ባዶው መንገድ መለሰ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ሱቁን ማን ይዘጋል? የቀን ሥራውን ማን ይተዋል? ተወልደብርሃን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምነው ቅጣት በኖረ!» ብሎ ተመኘ። እንዲያውም የኣቦይ ገብረዝጊን እጅ ይዞ «ቢቀጡስ ምናለ?» ሊላቸው አፉን ከፍቶ መልሶ ዋጠው።

ፀሐይ ከፍ ስትል በመንገዱ ጫፍ ነጠላ ታየ። አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር ተወ። ብረት ቤቱ ተዘግቶ ብየዳ ሠራተኞቹ ከነቱታቸው መጡ። የሚኒባስ ሾፌሮች መኪናቸውን ዳር አስይዘው ወረዱ። ሙሾ አውጪዋ ገና ድምፅዋን ስታነሣ መንገዱ ሞላ። ሬሳ ሳጥኑ ከትከሻ ትከሻ እየተላለፈ ሲሄድ ተወልደብርሃን ለመሸከም ተራ አጣ። «አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ከኋላ ሂድ» እያሉ ገፉት። ከፊት ካህናቱ፣ ከኋላ ከወሎ ልጆች ጋር ተደባልቆ የሓድነት ሰው፤ እናቱ አንድ እግዜር በሚያውቀው ሕዝብ ታጅባ ሄደች።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ሰው እያለፈ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል። ለስንቱ ንግግር የጻፈ ሰው «የቐንየለይ፣ የቐንየለይ» ከማለት በቀር ቃል አልመጣለትም፤ አፉም ልቡም ምስጋና ብቻ ሆነ።

ተራው ደርሶ ኣምለሰት መጣች። ኣምለሰት ማለት የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት ናት፤ ቀብር በመቅረት ዕድሩ ውስጥ የሷን ያህል የተቀጣ የለም። ሱቋን ከምትዘጋ ብትቀጣ ትመርጣለች፣ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ግን ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

ተወልደብርሃን አላስቻለውም። «ኣምለሰት ሓፍተይ፣ ዛሬ እኮ ቅጣት አልነበረም» አላት። «ማን አስገድዶሽ ነው የመጣሽው?»

«እናትህ» አለችው። «መንታዎቹን ወልጄ ሞተች ስባል አራስ ቤቴ ገብታ ወገቧን ያላሳረፈች እሷ ናት። ዕድሩ ቢቀጣኝ ከፍዬ እገላገላለሁ። ከኣኽበረት ግን በምን ልገላገል?»

ተወልደብርሃን ትከሻዋ ላይ ተደፍቶ፣ ከጎህ ጀምሮ እምቢ ያለው ልቅሶ መጣለት።