የማናዬ ሁለተኛ ዓይን

«ወደ እኔ እየተጠጋሽ ነው፤ ቦታሽን ያዢ» አለ ደረሰ በማዳመጫው ውስጥ።

ትርሲት መሪውን በሁለት ጣቶቿ ብቻ ወደ ግራ ገፋ አደረገችው። በስክሪኑ ላይ ያለው ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ ጀት ክንፉን አዘንብሎ ከደረሰ አውሮፕላን ራቅ አለ። ደረሰ ባሕር ዳር ካለው ቤቱ፣ እርሷም ወረታ ካለው የጽሕፈትና የኮፒ ሱቋ የኋላ ክፍል ተቀምጠው በአንድ ሰማይ ላይ ጎን ለጎን ይበርሩ ነበር። ሰማዩ የኮምፒውተር ነው፤ የሚበርሩትም በተዋጊ አውሮፕላን ሲሙሌተር ነው። አሠራሩ ግን የእውነተኛውን አውሮፕላን ሥርዓት ስለሚከተል፣ ሞተር ለማስነሣት ብቻ ባትሪው፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ ጄኔሬተሩና የሃይድሮሊኩ ግፊት እያንዳንዳቸው በተራቸው መታየት አለባቸው። ትርሲት ይህን ተራ ለማጥናት ሦስት ወር ፈጅቶባታል። የመሪጌታ ልጅ ናትና፣ በቃል የሚጠና ነገር እንደማይጠፋት ታምን ነበር።

የዛሬው በረራ ፈተና ነው። ደረሰ የሚመራው የአሥራ ሁለት ሰዎች ቡድን አውሮፕላኖቹን የሚያለብስለት ሠዓሊ ይፈልጋል። ተጫዋቾቹ ስኪን የሚሉት ይህ ልብስ በአውሮፕላኑ አካል ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ነው። ትርሲት የራሷን አውሮፕላን ያለበሰችው አባቷ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ለቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በሸራ ላይ የሣሉትን ሥዕል በስልኳ ቁራጭ በቁራጭ ፎቶ አንሥታ ነው። ሥዕሉ ቅዱስ ሚካኤል እስራኤልን ባሕር ሲያሻግር ያሳያል።

ፈቃድ በጠየቀች ጊዜ አባቷ አንድ ቀን ሙሉ አስበውበት ነበር። በዚህ ጨዋታ ሰው ይሞታል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ማንም እንደማይሞት፣ የወደቀም ተመልሶ እንደሚበርር ነገረቻቸው። ቦምብ የሚንጠለጠለው ከየት እንደሆነ ደግሞ ጠየቁ፤ ከሆዱና ከክንፉ ሥር ነው አለቻቸው። እንግዲያውስ መልአኩን ከጭራው ላይ ከፍ አድርጊው፣ ከቦምብ አጠገብ አታቁሚው ብለው ፈቀዱ። እንዳሉትም አደረገች። ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ በጭራው ላይ ቆሟል፤ የተሻገረው ሕዝብ በጎኑ በኩል ወደ አፍንጫው ይጓዛል፤ የፈርዖን ሠራዊት ከሆዱ ላይ ይሰምጣል።

«ያምራል» አለ ደረሰ ከጎኗ እየበረረ። «አንድ በአንድ እያየኋቸው ነው። ግን ልጠይቅሽ፤ ከፈርዖን ሠራዊት ውስጥ ሴት ነበረች እንዴ?»

«የምን ሴት?»

«ከውኃው ዳር ያለችው፤ አረንጓዴ መቀነት የታጠቀችው። አንድ ዓይን ነው ያላት።»

በአገሩ የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ኃጥኣን ግን ፊታቸው ወደ ጎን ሆኖ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጣቸዋል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዚህ ይለያል። ትርሲት አረንጓዴ መቀነት የታጠቀችውን ሴት ታውቃታለች፤ ሥዕሉን በስለት ያሣለችው ወይዘሮ ማናዬ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የአካባቢው ወንዝ ሞልቶ የሩዝ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ ማናዬ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ከሾላ ዛፍ ላይ አድራ፣ ከዚህ ውኃ ካወጣኸኝ ባሕር ስታሻግር የሚያሳየውን ሥዕልህን አሣላለሁ ብላ ተሳለች። መሪጌታም ከተሻገሩት መጨረሻ፣ ከውኃው ዳር ላይ አቆሟት።

ትርሲት ይህን ስታስብ በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ተጭና አጠፋችው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በራ፤ ደግማ አጠፋችው። ለማረፍ ወደ ሜዳው ስትወርድ ግን ጎማዎቹ አልዘረጋ አሉ፤ መሪውም ደነደነ። የሃይድሮሊኩ ግፊት ባዶ ሆኗል። አውሮፕላኑ በሆዱ ሜዳውን መታና ተገለበጠ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

«ስንት ጊዜ አጠፋሽው?» አለ ደረሰ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ስትጫኚው የሚጠፋው መብራቱ ብቻ ነው። ብልሽቱ እዚያው ነው ያለው።»

ቁጣ አልነበረበትም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የቡድኑ ሰዎች በሙሉ ተሰብስበው አውሮፕላኗን እንደሚያዩ ነገራት፤ ከጎንደር የሚወዳደራት ሌላ ሠዓሊ መኖሩንም አልደበቃትም። ከዚያ ተሰናበተ።

ትርሲት ስሕተቱ የራሷ እንደሆነ ነበር የጠረጠረችው። ከጠፍጣፋ ሸራ የተነሣ ሥዕል ክብ አካል ላይ ሲለጠፍ መጋጠሚያው ላይ ያለው ነገር ይዋጣልና፣ የማናዬም ዓይን ከክንፉ ሥር ባለው መጋጠሚያ ተውጦ ይሆናል ብላ ፋይሉን ከፍታ ፈለገች። መጋጠሚያው ከፊቷ በጣም ርቆ ይገኛል። ዋናውን ፎቶ ከፍታ አጐላችው። ማናዬ በፎቶውም ላይ አንድ ዓይን ነው ያላት። ጉንጯ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ የከሰል ንድፍ በጭላንጭል ይታያል። አባቷ ሁለተኛውን ዓይን ነድፈውት ነበር፤ ኋላ ንድፉ አልታይ ስላላቸው የፊቱን ቀለም ቀብተውበታል። ፊቷ ወደ መልአኩ ዘወር ያለ በመሆኑ፣ ዓይኑ ሲጎድል ያለጥርጥር የጎን ፊት ሆነ፤ ከጀርባዋ ከሚሰምጡት ጋር አንድ መሰለች።

በፋይሉ ላይ ማረም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ከሌላ ሴት ፊት ዓይን ቀድታ፣ አሳንሳ፣ ከቦታው አኖረችው። አውሮፕላኑ ለአሥር ሰዓት ተዘጋጀ። ሸራው ግን ነገ፣ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ትርሲት ሰዓቷን አየች፤ አራት ተኩል ነው። ሱቋን ዘግታ ወደ ቁሐር ሚካኤል የሚሄድ ሞተር ሳይክል ተሳፈረች።

በሜዳው ላይ የሩዝ አጨዳ ተይዟል። ከወደ ጣና በኩል አንድ አውሮፕላን ሲያጉረመርም አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ፤ ሞተረኛውም ፍጥነቱን ቀነሰ። ትርሲት ጆሮዋን ጣል አደረገችና የመንገደኛ እንጂ የጦር አይደለም አለችው። እንዴት እንዳወቀች ሳይጠይቅ ነዳው።

አባቷ ቤት አልነበሩም፤ ግድግዳውን ለመለካት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ሸራው ከአልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ብሩሾቹ በጣሳ ውስጥ ቆመዋል። ትርሲት ከልጅነቷ ጀምሮ ቀለም እየበጠበጠች ያደገች በመሆኗ የአባቷን መስመር ከራሳቸው እኩል ታውቀዋለች። ጥቁሩን በጠበጠች፤ ቀጭኑን ብሩሽ ነከረች፤ ከማናዬ ፊት ላይም ጎንበስ አለች።

ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ አልነበረም። አምና ለይፋግ ቤተ ክርስቲያን በተሣለው ሥዕል ላይ አባቷ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ አረንጓዴ ቀብተውት ነበር፤ እሳቸው ማሕሌት ሲቆሙ በሰማያዊ ለወጠችው። ለፋሲካ ደግሞ አንዱን ሐዋርያ ስድስት ጣት አበቀሉለት፤ ያንንም አጠፋችው። ሁለቱንም አላወቁም። ዓይናቸውን የሸፈነው ሞራ በቀዶ ሕክምና እንደሚነሣ ባሕር ዳር ያሉ ሐኪሞች ተናግረው ቀጠሮ ቢሰጡም፣ ዓይነ ስውሩን ጦቢትን የፈወሰው በዓይኑ የተቀባው የዓሣ ሐሞት ነው፣ ጣናም ቅርብ ነው እያሉ በቀልድ አሳልፈውታል። ከጥምቀት በኋላም አንበሳሜ ሄደው አንድ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ሊሥሉ ቃል ገብተዋል።

ብሩሹ ከሸራው ሊደርስ የጣት ስፋት ያህል ሲቀረው ትርሲት እጇን መለሰች። ከበርጩማው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው የመጡት ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

«ቀለም በጥብጠሻል» አሉ ገና ከደጃፉ ሆነው። «ጥቁር ነው፤ ሸተተኝ።»

«አዎ አባዬ። ግን ሥዕሉን አልነካሁትም።»

ቀኝ እጃቸውን ይዛ ከማናዬ ጉንጭ ላይ አሳረፈችው። «እዚህ ላይ ዓይን የለም።»

መሪጌታ ፊታቸው ከሸራው አንድ ስንዝር እስኪቀር ጎንበስ አሉ። ራሳቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዘነበሉ።

«ነድፌው ነበር» አሉ።

«ነድፈውታል። ከቀለሙ ሥር አለ።»

«አንቺ በምን አየሽው?»

«በአውሮፕላኑ ላይ ነው። ከጎኔ የሚበርረው ሰው አይቷት፣ ከፈርዖን ወገን መሰለችው።»

መሪጌታ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከውኃ የወጣችውን ሴት ከሰጠሙት ጋር ቆጥሬያት ኖሯል አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ሆነው። ቀጥለውም እጃቸውን ወደ ጣሳው ዘረጉ።

«በይ እንግዲህ ሣይው። እጅሽ እጄ ነው።»

«ብሥለው ሦስተኛዬ ይሆናል» አለች ትርሲት። የይፋጉንም፣ የፋሲካውንም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«መጎናጸፊያውን አንቺ ነሽ የለወጥሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ካህናቱ ሰማያዊው ተዋጣልዎ ብለው አመሰገኑኝ» አሉ መሪጌታ። «እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ።»

ከውጭ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ማናዬ ለሸራው ማጣበቂያ የሚሆን የስንዴ ዱቄት በቁና ይዛ ገባች፤ በእግሯ ላይ የሩዝ ገለባ ተጣብቋል። ጉልበት ስማ ሰላምታ ሳትጨርስ ስለ ነገው ድግስ ማውራት ጀመረች፤ ዘመዶቿ ከአንበሳሜ ዛሬ ይገባሉ፣ በጉም ታስሯል። መሪጌታ እንድትጨርስ ጠበቋት።

«ማናዬ፣ በድዬሻለሁ» አሉ። «አንድ ዓይንሽን አስቀርቼዋለሁ።»

ማናዬ ቁናውን ከመሬት አኖረችና ወደ ሸራው ቀረበች። አረንጓዴ መቀነቷን አገኘች፤ ከዚያም ፊቷን።

«ሩዙን ከወፍ ስጠብቅበት እዚያው ቀርቶ ይሆናል» አለች፤ ድምፅዋ ግን አልሣቀም። «ይቺ ትርሲት አለች አይደል? አሁኑኑ ትሥለውና ነገ ይለጠፍ። ሰው ጠርቻለሁ እኮ የኔታ።»

«ነገ አይለጠፍም። ያጎደልሁት እኔ ነኝ፤ የምሞላውም እኔ ነኝ። ለታኅሣሥ ሚካኤል ይደርሳል።»

«ከውኃ ያወጣኝ መልአክ በአንድ ወር አይከሰኝም» አለች ማናዬ። «በጉን ግን አላቆየውም። በታኅሣሥ ጾም ነው፤ ያን ጊዜ ሽሮ ትበላላችሁ።» ቀና ብላም አየቻቸው። «ግን ይንገሩኝ የኔታ፤ የሚሥሉት በየትኛው ዓይንዎ ነው?»

ትርሲት አባቷ ሊቆጡ ነው ብላ ፈራች። መሪጌታ ግን ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ጦቢትን የፈወሰው...» ብለው ጀመሩ።

«ጦቢት እኮ አልቀባም አላለም» አለች ማናዬ።

መሪጌታ አርባ ዓመት ያስተማሩትን መጽሐፍ አንዲት ገበሬ ሴት ጠቅሳ ትመልስልኛለች ብለው አልጠበቁም። ተነሥተው ሸራውን ከግርጌው መጠቅለል ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ሸማ ጣልቃ እያገቡ፣ እስከ መልአኩ ሰይፍ ድረስ ጠቀለሉት።

«ያ ቀጠሮ መቼ ነበር?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«እሱ አልፏል አባዬ። ሰኞ ሰኞ ግን እንደገና ይመዘግባሉ።»

«እንግዲህ ሰኞ እንሄዳለን።»

ማናዬ ዱቄቱን ትታ፣ እንግዶቿ ደጅ ላይ ሳይቆሙባት ለመድረስ ቸኩላ ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚህ ሰዓት እንዲመለስ የነገረችው ሞተረኛ በደጅ ካለው ሾላ ሥር ይጠብቃል፤ ትርሲት አሁን ብትነሣ ለአሥር ሰዓት ትደርሳለች። ሁለት ዓይን ያላት ማናዬ በኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፤ ዓይኑ በሸራው ላይ እንደሌለ ከቡድኑ ሰዎች አንድም አያውቅም።

ስልኳን አውጥታ ለደረሰ ጻፈችለት፤ ሥዕሉ ገና አላለቀም፣ ለታኅሣሥ ሚካኤል ይደርሳል አለችው። መልሱ ወዲያው መጣ። የጎንደሩ ሠዓሊ ዛሬ ዝግጁ ነው፣ ቡድኑም እስከ ታኅሣሥ አይቆይም ይላል።

ትርሲት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያም ስልኩን ከኪሷ ከትታ ለሞተረኛው እንዲሄድ በእጇ ምልክት ሰጠችው። በጥቁር የነከረችውን ቀጭን ብሩሽ ወስዳ ከጓሮ ባለው ውኃ ደጋግማ አጠበች፤ ጠጉሩን በጣቶቿ አሹላ፣ አድርቃ፣ ከአባቷ ጣሳ ውስጥ መለሰችው። በታኅሣሥ ይፈልጉታል።